ጡሩምባው የማይገባበት አሳንሰር

አሎይዚ ጋቭሊክ ፈሪ ነው። ጠላት ያወራበት እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ነው የሚለው፣ ያውም ማንም ሳይጠይቀው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማዋን አውቶቡስ ነድቷል። በበረዶ ቀን ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ ተሳፋሪው በሙሉ እያማተበ፣ እሱ ግን ዘና ብሎ የማርሽ ዜማ ያንጎራጉር ነበር። ከመሬት በላይ ያለ ነገር አያስፈራውም። ከመሬት በታች ያለውን ግን፣ የገዛ ቤቱን የድንች ጉድጓድ ጨምሮ፣ በሩቁ ነው የሚሳለመው። ድንች ሲያልቅ ደረጃውን የምትወርደው ሚስቱ ቦግና ናት። እሱ ከላይ ሆኖ አምፖሉን ያበራላታል፤ ይህንንም እንደ ትልቅ እርዳታ ይቆጥረዋል።

እግዜር መቀለድ ሲያምረው እንዲህ ያለውን ሰው ሆዷ ባዶ በሆነ ከተማ ፈጠረው። ይህች የደቡብ ፖላንድ ከተማ የቆመችው በጨው ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር፣ ከገበያው ሥር፣ ከአሎይዚ አልጋ ሥር ሳይቀር ስንት ትውልድ ሲፈለፍለው የኖረ የጨው ማዕድን አለ። ዛሬ ጨው የሚያወጣ የለም፤ የሚወርደው ጎብኚ ነው። የአሎይዚ አባትና አያት ግን ቆፋሪዎች ነበሩ። ልጅ ሳለ አባቱ እጁን ይዘው ወደ አሳንሰሩ ወሰዱት። በሩ ተዘጋ፣ ወለሉ ከእግሩ ሥር ሸሸ፣ አሎይዚም ሱሪውን አረጠበ። አባቱ አልተቆጡም። በዚያው ሳምንት ለማርሽ ባንዱ አለቃ፣ «ይኼ ልጅ ላይ ሆኖ ይንፋ» ብለው አስረከቡት። ከቆፋሪነት ያወረሱት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ከመሬት በታች አይፏጭም። ማዕድኑን የሚጠብቀው ሽማግሌ መንፈስ ፉጨት አይወድም። አሎይዚ ይህን ትእዛዝ አንድም ቀን አልጣሰም፤ ወርዶ ስለማያውቅ አልከበደውም።

ባንዱ ከጥንትም የማዕድኑ ነው። ስለዚህ አሎይዚ አንዲት ቁራጭ ጨው ፈልጦ ሳያውቅ የቆፋሪዎቹን የክብር ልብስ ይለብሳል፤ ጥቁር ኮት፣ ሁለት ረድፍ የናስ ቁልፍ፣ አናቱ ላይ ላባ የተተከለበት ቆብ። የላባውን ነገር በከተማዋ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ጥቁሩ የቆፋሪ ነው፣ ነጩ የአለቃ፣ ቀዩ የሙዚቀኛ። የአሎይዚ ቀይ ነው። «ከእፍረት ነው የቀላው» ይላል።

የሚነፋው ከሁሉ ትልቁን ጡሩምባ ነው፤ ያንን ሰው ታቅፎት የሚቀመጠውን፣ ዜማ የማይወጣለትን፣ ከሥር ከሥር ፑም ፑም የሚለውን። በየዓመቱ በቆፋሪዎቹ ጠባቂ በቅድስት ባርባራ ቀን ቅዳሴው የሚደረገው ታች፣ ከጨው በተጠረበው ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ባንዱም ይወርዳል። አሎይዚ ጡሩምባውን ታቅፎ እስከ አሳንሰሩ በር ይመጣና ራሱን ይነቀንቃል። «አይገባም» ይላል፣ «ወይ እኔ ወይ እሱ ነው።» ጡሩምባው ይገባል። ከእሱ የሚሰፋው ከበሮ እንኳ ይገባ የለ። ጓደኞቹ ግን አብረውት ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «እውነት ነው፣ አይገባም» ብለው ይወርዳሉ። እሱም ብርዱን ጠጥቶ ይቆይና ሲወጡ «እንዴት ነበር?» ብሎ ይቀበላቸዋል። ዘንድሮ የሚወርድ ይመስላችኋል ወይ ብለው በቢራ የሚወራረዱ እንዳሉም ያውቃል፤ አንድ ዓመት ራሱ አልወርድም ብሎ ተወራርዶ በልቷል።

ይህ ቀልድ አንዴ ብቻ ነው ያላሳቀው። ልጁ ኦቲሊያ ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤቷ በታችኛው የጨው አዳራሽ ዝግጅት አደረገ፤ የቆፋሪዎቹን ማርሽ ብቻዋን የምትዘፍነው እሷ ነበረች። ቦግና ወረደች። አሎይዚ ኮቷን ይዞ ላይ ቆመ። ልጅቷ ስትወጣ ኮቷን እያለበሳት ቀልድ ሊጀምር ሲል፣ «ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወንበር ይዤልህ ነበር» አለችው። አልተቆጣችም፤ እንዲያው ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ውረድልኝ ብላው አታውቅም። አንጀቱን የሚበላውም ይኸው አለመጠየቋ ነበር።

ኦቲሊያ አደገችና አስጎብኚ ልሁን አለች። ተማረች፣ ተፈተነች፣ የቀራት ብቻዋን የምትመራው የመጀመሪያ ጉብኝት ሆነ። እዚህ ላይ ነው ጣጣው የመጣው። በዚህ ማዕድን ጎብኚ ሲወርድ መጨረሻ ላይ የሚሄድ ሰው ፋኖስ ይይዛል፤ ጅራት ያዥ ይሉታል። አስጎብኚው ከፊት እያወራ ይሄዳል፣ በየአዳራሹ ቆም ይልና ወደ ኋላ ያያል፤ ፋኖሱ ከታየው ሁሉም ደርሷል ማለት ነው። በሌላ ቀን ፋኖሱን የሚይዘው ከሠራተኞቹ አንዱ ነው። በአዲስ አስጎብኚ የመጀመሪያ ቀን ግን የሚይዘው የገዛ ቤተሰቧ ነው፤ ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ነው። ቤተሰብ ያልወረደላት አስጎብኚ እንደ ወላጅ አልባ ትታያለች።

ነገሩን ያነሳችው እሑድ ምሳ ላይ፣ ኮምጣጣውን ሾርባ እየጠጡ ነው። ጅራት ያዥ እንደሚያስፈልጋት ተናገረችና እናቷን አየች። ቦግና ጉልበቷ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ገና ወር አልሞላትም፤ ከዘራዋ ከወንበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ማንም ወደ አሎይዚ አላየም። ሁለቱም ላለማየት ሲጠነቀቁ ነው ተራው የእሱ መሆኑን ያወቀው።

«እኔ እወርዳለሁ» አለ። ማን እንደተናገረ ለማወቅ ዞር ዞር ሊል ምንም አልቀረውም።

ኦቲሊያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ አክስቴን መጠየቅ እችላለሁ እኮ።»

«አክስትሽ ወሬ ከጀመረች ፋኖሱን የትም ጥላው ነው የምትሄደው።»

«አንተስ ብትወድቅብኝ? አለቃችን አቶ ሴቬሪን አብረው ናቸው። ጅራቴ ከተበላሸ እኔንም አያሳልፉኝም።»

«አልወድቅም» አለ፤ ከዚያም እውነት መናገር ስለሚወድ፣ «ብወድቅም ፋኖሱን ይዤ ነው» ብሎ ጨመረ።

በቀኑ ማለዳ የክብር ልብሱን ለበሰ። ቦግና ከአልጋዋ ሆና ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጉብኝት ነው ያለችህ ወይስ ቀብር?» አለችው። ልጁ እንደሆነች፣ በዚህ ከተማ የሚከበር ነገር ሲኖር የሚለበሰው ይኼ እንደሆነ አስረዳ። ላባውን እንኳ ተወው ብትለው፣ ላባ የሌለው ቆብ ድስት ነው ብሎ እምቢ አለ። እውነቱ ሌላ ነው። እንደ ተራ ሰው ለብሶ ከወረደ ውስጡ ያለው ተራ ሰው እንደሚመለስ ያውቃል። ኮቱ ጠንካራ ነው፤ ቢያንስ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።

ኦቲሊያ ከአሳንሰሩ በር ላይ ሆና ቀዩን ላባ ከሩቅ አየችው። ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን እንባ እሱ አልለየውም። አቶ ሴቬሪን ጢማቸው የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፤ ላባውን አዩና «እግዜር ያቅናን» ብለው ፋኖሱን ሰጡት። አሳንሰሩ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተጠቀጠቀ። በሩ ተዘጋ፣ ወለሉ ሸሸ። አሎይዚ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ እየጀመረ አንዱንም ሳይጨርስ ታች ደረሱ። ሱሪው ደረቅ ነበር። ከባለፈው ጋር ሲያስተያየው ትልቅ እድገት ሆኖ አገኘው።

ጎብኚዎቹ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ስለነበሩ የላባ ቀለም አይለዩም። ያዩት ይህን ነው፤ ከፊት ቀጭን ልጅ አለች፣ ከኋላ ደግሞ ባለ ናስ ቁልፍ፣ ባለ ቀይ ላባ፣ ፊቱ የገረጣ ትልቅ ሰው ፋኖስ ይዞ ይከተላል። ዋናው አስጎብኚ እሱ መሆን አለበት አሉ። ከባሕር ዳርቻው ከተማ የመጡ ሳቢና የተባሉ ጡረተኛ መድኃኒት ቀማሚ ሴት ቀረብ ብለው፣ «ጌታዬ፣ እዚህ ስንት ዓመት ሠሩ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው።»

ሴትዮዋ ሳቁ። አጠገባቸው ያሉትም ሳቁ።

አሎይዚ ግራ ገባው። እንደሚፈራ ነገራቸው፤ የባሰ ሳቁ። አባቱ ቆፋሪ እንደነበሩ፣ እሱ ግን አሳንሰር ውስጥ ሱሪውን እንዳረጠበ፣ እስካሁን ድንች እንኳ ለማውጣት እንደማይወርድ ነገራቸው። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሆዱን ይዞ ግድግዳ ተደገፈ። ኦቲሊያ ከፊት ግድግዳውን ቅመሱ፣ ጨው ነው ብላ ስትናገር ሁሉም ላሰ፤ አሎይዚም ላሰ። «እውነትም ጨው ነው» አለ በመገረም፣ እነሱም ለዚህ አጨበጨቡለት። ዕድሜ ልኩን ራሱን ሲያሽሟጥጥ ኖሯል፤ ሲምል ሲገዘት ያልታመነው ግን ያን ዕለት ብቻ ነው። ይህን እየሰሙ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ከኦቲሊያ ርቀው ወደ ጅራቱ ተሰበሰቡ።

ሦስተኛው አዳራሽ ላይ ጣራው በወፋፍራም ግንዶች የተደገፈ ነው። ኦቲሊያ ቆፋሪዎች እንጨት የሚወዱት ከመሰበሩ በፊት ስለሚጮህ ነው ብላ ታስረዳ ነበር። በዚያው ቅጽበት አንዱ ግንድ ጠሽ አለ። ሁልጊዜም ጠሽ ይላል፤ አሎይዚ ግን ይህን ከየት ይወቅ። ዓይኑ መውጫ ፈለገ። ከጎኑ አንድ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከጫፉም የእንጨት በር አለ፤ ከበሩ ሥር ንፋስ ይመጣል። ንፋስ ካለ ሰማይ አለ ብሎ አሰበ። ትንሽ አየር ስቦ ሊመለስ፣ ፋኖሱን እንደያዘ፣ ወደዚያ ሄደ።

በሩን ሲከፍት ከኋላው ኮቴ ሰማ። አሥሩም ተከትለውታል። እዚህ ላይ ልባም ሰው ቢሆን ይመልሳቸው ነበር። ነገር ግን ሰው ወደ በር ሲመጣ አሎይዚ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሩን ይዞ ቆመ፣ አንድ በአንድ አሳለፋቸው፣ የቀረ ሰው እንዳለ ወደ ኋላ አየ፣ ከዚያም ዘጋው። ሁለት ሦስት መታጠፊያ እየመራቸው ሄደ። ሰማይ የለም። መንገዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ተመልሶ ሲያይ የመጡበትም ለሁለት የተከፈለ ሆነበት። ከፋኖሱ በቀር መብራት የለም።

«ጠፍተናል» አለ።

ወፍራሙ ሰውዬ ሳቀና፣ ለጨዋታው ማድመቂያ ይመስል ማፏጨት ጀመረ።

«ከመሬት በታች አይፏጭም» አለው አሎይዚ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር፤ የአባቱን ይመስላል። ሰውየው ፉጨቱን አቆመ። ወይዘሮ ሳቢና ፊቱን በፋኖሱ ብርሃን አዩትና፣ «የምርዎን ነው እንዴ?» አሉ።

«ከጠዋት ጀምሮ የምሬን ነው።»

አሁን ነው ጉድ የፈላው። አንዲት ሴት የባሏን ክንድ ጨበጠች። አሎይዚ ግን ስለራሱ መፍራት ረስቶ ነበር። የታየችው ኦቲሊያ ናት። ይኼኔ ቆም ብላ ወደ ኋላ ታያለች፤ ፋኖስ የለም። አቶ ሴቬሪን አጠገቧ ቆመዋል። ያ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የያዘችለት ወንበር ዛሬም ባዶ ነው፤ ዛሬስ ባዶ ማድረጉ ሳያንስ አሥር ሰው ይዞ ነው የጠፋው። ልጩህ ቢል፣ ጎብኚዋ በጩኸት የተፈለገባት አስጎብኚ ነገ የት ትገባለች? ማፏጨት ደግሞ አይሆንም። የቀረው የሚያውቀው ነገር ብቻ ነበር። አየር ሳበና ከሆዱ ጀመረ።

«ፑም። ፑም፣ ፑም። ፑም።»

ወይዘሮ ሳቢና አማተቡ። ሰዎቹ ሰውየው አበደ ብለው አሰቡ፤ አይፈረድባቸውም። የሚያሰማው የቆፋሪዎቹን ማርሽ ነው፣ ግን የትልቁን ጡሩምባ ድርሻ ብቻ። ያንን ለብቻው ሰምቶ ይህ ዘፈን እንትን ነው የሚል ሰው በዓለም ላይ የለም፤ የባንዱ አለቃ እንኳ አይለየውም። አሎይዚ ግን እሱ እቤቱ ከሚለማመድበት ክፍል ግድግዳ ጀርባ ያደገች አንዲት ሰው እንዳለች ያውቃል። ትንሽ ሳለች ማርሹ ሌላ ዜማ ያለው አይመስላትም ነበር፤ ፑም ፑሙን እያለች ነው ስትተኛ የኖረችው። ደጋገመው። ወፍራም ድምፅ ጨው ውስጥ ሩቅ ይሄዳል። መጀመሪያ የመለሰለት የራሱ ድምፅ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዜማው መጣ። ከሩቅ፣ ቀጭን፣ የሴት ድምፅ። እሱ ከሥር ይላል፣ እሷ ከላይ ትዘፍናለች። አንድም ጊዜ ሳትሳሳት በእሱ ፑም ላይ ታርፋለች። አሎይዚ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ድምፁ ወደሚመጣበት እየተራመደ ቀጠለ፣ አሥሩ ከኋላው ተያይዘው ተከተሉት። ይህን ድምፅ ከመሬት በታች ሰምቶት አያውቅም። ያን ጊዜ ኮት ታቅፎ ላይ ሲቆም ያመለጠው ይኸ መሆኑን አሁን አወቀ፤ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ ፑሙን ግን አላቋረጠም።

በሩ ተከፈተ። ኦቲሊያ ቆማለች፤ ከኋላዋ የቀሩት ጎብኚዎች። ሁሉም ነገር የጉብኝቱ ክፍል የመሰላቸው እነዚያ አጨበጨቡ። አሥሩም እፎይታ ሲሰማቸው አብረው አጨበጨቡ፤ ወፍራሙ ሰውዬ ከሁሉ አብልጦ። ኦቲሊያ አባቷን አየችው፣ ፋኖሱን አየችው፣ ሰዎቹን በዓይኗ ቆጠረች፣ ከዚያም ዞራ ካቆመችበት ቀጠለች። አሎይዚም እስከ መጨረሻው ሲጠይቁት ላባውን እየነቀነቀ ብቻ ነበር የሚመልስላቸው።

ጎብኚዎቹ ወጥተው ሲያልቁ ሦስቱ ከአሳንሰሩ ሥር ቀሩ። አቶ ሴቬሪን ጅራቱ ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቁ። አሎይዚ አፉን ሲከፍት ኦቲሊያ ቀደመችው። ሰዎቹ ወደ ኋላ ሲሰበሰቡ ማየት እንደነበረባት፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ዞር ብላ እንዳላየች፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ተናገረች። አሎይዚ ከዚህስ ጣራው ቢናድ ይሻላል ብሎ ተመኘ፤ ወዲያው ግን ጣራውን አየት አድርጎ ምኞቱን ሰረዘ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። የአውቶቡስ ልማድ ነው።»

አቶ ሴቬሪን ጢማቸውን ዳበሱ። «ዛሬ አላለፍሽም» አሏት። ኦቲሊያ አንገቷን ደፋች። «ነገ ጠዋት ትደግሚዋለሽ። ጅራት ያዡም ያው ሰው ይሁን፤ ሌላ አልቀበልም።» ከዚያ ወደ አሎይዚ ዞሩ። «ነገ ካልመጣህ ግን እሷም አትምጣ።»

«እመጣለሁ።»

«ያ ጡሩምባህ እዚህ ውስጥ እንደሚገባ ታውቃለህ አይደል?»

«ገና እንደገዛነው ነው ያወቅሁት» አለ አሎይዚ።

ወደ ላይ ሲወጡ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነበሩ። ዓይኑን አልጨፈነም፤ ደፍሮ ሳይሆን ልጁን እያያት መጨፈኑን ስለረሳው ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። ነገ ላባውን ቤት እተወዋለሁ።»

«እንዳትተወው» አለችው። «በምን ላይህ ነው ታዲያ?»

«ዘፈንሽን ሰማሁት» አላት።

«ሁለተኛው ረድፍ ላይ አልነበርክም።»

«ከበሩ ኋላ ነበርኩ።»

ኦቲሊያ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ግንባሯን የናስ ቁልፉ ላይ አሳረፈች። አሳንሰሩ ከላይ ደርሶ በሩ ተከፍቶ ቆሞ እንኳ ቶሎ አልወጡም።

ሌሊቱን አሎይዚ አልተኛም። አንዴ ከወረዱ ወዲያ ይለመዳል የሚሉት ሰዎች ዋሾ ናቸው፤ ሁለተኛው ቀን የባሰ ነው፣ ምን እንዳለ ታውቀዋለህና። ቁርሱ አልወርድ አለው፣ የኮቱን ቁልፍ አዛንፎ ስለቆለፈ ቦግና አስተካከለችለት። እንደዚያም ሆኖ ከኦቲሊያ ቀድሞ ነው አሳንሰሩ በር የደረሰው። አቶ ሴቬሪን ፋኖሱን ሰጡት።

ያን ቀን ኦቲሊያ በየአዳራሹ ቆም ብላ ወደ ኋላ ስታይ ቀይ ላባ ታያለች፣ ከሥሩም ፋኖስ። ግንዱ ጠሽ ሲል ላባው ይዘላል፤ ፋኖሱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ታችኛው አዳራሽ ሲደርሱ አንድ ከሩቅ የመጡ ሽማግሌ ቀረብ አሉና፣ «ጌታዬ፣ እዚህ ከሠሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ብለው ጠየቁት።

«ሁለተኛ ቀኔ ነው» አላቸው አሎይዚ።

ሽማግሌው ሳቁ። አሎይዚ ግን አልቀለደም፤ በሕይወቱ እንደዚህ የኮራበት ነገር አልነበረም።